ኮሪደር ላይ እንዳወራው፦ ለወሳኝ የጨረታ ገለጻ ተናጋሪዎችን ማሠልጠን

ለአንድ ሆስፒታል የግንባታ ሥራ ጨረታ ገለጻ እየተዘጋጀን፣ የልምምድ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጁ ተነሣ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘና ማንበብ ጀመረ፦ «ድርጅታችን በዘርፉ ባካበተው የረጅም ጊዜ ልምድ ላይ በመመሥረት ሥራውን በተያዘለት የጊዜ ሰሌዳ ለማጠናቀቅ የሚያስችል አቅጣጫ ተከትሎ እየተንቀሳቀሰ ይገኛል…»። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ የራሱ ባልደረቦች ስልካቸውን መነካካት ጀምረው ነበር።

በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆመን ጠየቅሁት። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ይሄ ሥራ ምኑ ላይ ነው የሚከብደው?» ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ችግሩ ምን መሰለህ፣ ሆስፒታሉ ሥራ አያቆምም። እኛ ከላይ ግድግዳ ስንበሳ ከታች ቀዶ ጥገና አለ። ስለዚህ ጩኸት ያለውን ሥራ በሙሉ ከቀዶ ጥገናው ሰዓት አውጥቼዋለሁ። ለዚህም ከክፍሉ ኃላፊ ጋር በየሳምንቱ ሐሙስ ተቀምጠን የሚቀጥለውን ሳምንት ፕሮግራም እናያለን።» በእጁ አየር ላይ ሕንጻውን እየሣለ አራት ደቂቃ አወራኝ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው ከበቡን።

ከዚያ በኋላ የአሠልጣኝነት ሥራዬን የምረዳው በዚሁ ነው፦ ኮሪደር ላይ ያወራውን ሰው ለጨረታው ነጥብ የሚሰጡት ገምጋሚዎች ፊት ማድረስ። ንግግር አዋቂ መፍጠር ሌላ ሙያ ነው፤ ለሱም ጊዜ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥዎት ሁለት ሳምንት ነው፣ አንዳንዴም አራት ቀን።

1. ከድምፅና ከአቋቋም በፊት ደብዳቤውን ያንብቡ

ለሥልጠናው ሲጠሩ መጀመሪያ ሁለት ወረቀቶች ይጠይቁ፦ የጨረታ ሰነዱን እና ለገለጻው የተላከውን የጥሪ ደብዳቤ። ገለጻው ራሱን የቻለ ነጥብ አለው ወይስ የገባውን የቴክኒክ ፕሮፖዛል ለማብራራት ብቻ ነው? ስንት ደቂቃ ተሰጠ? ጥያቄና መልሱ በዚያው ሰዓት ውስጥ ይቆጠራል? ስንት ሰው መግባት ይችላል? ስላይዱ ቀድሞ መላክ አለበት? እነዚህን ጥያቄዎች ለቡድኑ አባላት ለየብቻ ያቅርቡላቸው። ሁሉም «አውቀዋለሁ» ይላሉ፤ መልሳቸው ግን እርስ በርሱ አይገጥምም።

ቀጥሎ የመመዘኛ መስፈርቶቹን ወደ ደቂቃ ይቀይሩ። ለምሳሌ 20 ደቂቃ ተሰጥቶ የአሠራር ዘዴ 40 ነጥብ፣ የባለሙያዎች ብቃት 30፣ የስጋት አያያዝ 20፣ ርክክብ 10 ቢይዝ፣ የድርጅቱ ታሪክ ስንት ነጥብ አለው? ምንም። ይሁንና ድርጅቱ መቼ እንደተመሠረተ፣ ስንት ቅርንጫፍና ስንት ሠራተኛ እንዳለው በመተረክ የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች የሚጨርስ ቡድን ሞልቷል። ከተሰጠው ጊዜ ሩቡ ነጥብ በሌለው ነገር አለቀ ማለት ነው። ክፍፍሉ በሒሳብ ልክ መሆን አያስፈልገውም፤ ነጥብ የሌለው ነገር ደቂቃ እንዳይወስድ ማድረግ ግን ግዴታ ነው።

በዚያው ቁጭ እንዳሉ «የማይባሉ ነገሮች» የሚል ዝርዝር ያውጡ። በመንግሥት ግዥ ጨረታዎች ሰነድ ከገባ በኋላ ዋጋን ወይም የቀረበውን ሥራ መሠረታዊ ይዘት መለወጥ በአጠቃላይ አይፈቀድም። ሞቅ ያለው ተናጋሪ «እሱንማ በነጻ እንጨምርላችኋለን!» ቢል እንደ ቸርነት ላይታይለት ይችላል፤ ቡድኑን ከውድድር ሊያስወጣም ይችላል። ዋጋ፣ የማስረከቢያ ቀን፣ የተተካ ባለሙያ፣ የተፎካካሪ ስም፦ እነዚህን ማን ሊያነሣ እንደሚችል፣ ማን ፈጽሞ እንደማያነሣ ቀድሞ ይወሰን።

2. የሚናገረው የሚሠራው ሰው ይሁን

ገምጋሚዎቹ ፕሮፖዛሉን አንብበዋል፣ ወይም ቢያንስ አገላብጠውታል። ሰዎቹን የጠሩት ወረቀቱ ሊያሳያቸው ያልቻለውን ለማየት ነው፦ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ስልክ የሚደውሉላቸው ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው? ስለዚህ ዋናውን ክፍል መያዝ ያለባቸው ሥራውን የሚመሩት ናቸው። ለ20 ደቂቃ ሦስት ተናጋሪ ይበቃል፤ አራት ከሆነ መነሣትና መቀመጡ ራሱ ጊዜ ይበላል። ገብቶ አንድም ቃል የማይተነፍስ ሰው ደግሞ ባይገባ ይሻላል፤ «ይሄ ምን ሊሠራ መጣ?» የሚል ጥያቄ ይጭራል።

አስቸጋሪው ነገር አለቃው ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ «እኔ አቀርበዋለሁ» ሲሉ ማንም አይናገራቸውም፤ የሚናገራቸው አሠልጣኙ መሆን አለበት። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «እርስዎ ሲከፍቱትና ሲዘጉት የበላይ አመራሩ ከሥራው ጀርባ እንዳለ ያያሉ። መሀሉን ግን ነገ ሳይቱ ላይ የሚያገኙት ሰው ቢናገረው ይበልጥ ያምኑታል።» ብዙዎቹ ይቀበሉታል፤ የተወሰኑትም ይቀየማሉ። ቅያሜው ከሽንፈቱ ይቀላል።

የትልቅ ሰው መገኘት ብቻውን እንደማያሸንፍ የሚያሳይ ሁሉም ያየው ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2009 ኮፐንሃገን ላይ የ2016 ኦሊምፒክ አዘጋጅ ከተማ ሲመረጥ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ራሳቸው ተገኝተው ስለ ቺካጎ ተናገሩ። ቺካጎ በመጀመሪያው ዙር ወደቀች። የድምፁ ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም «ትልቁን ሰው ካመጣን አለቀ» ለሚል ቡድን ይህንን መንገር ይጠቅማል።

3. ሦስቱም ተናጋሪዎች የሚያውቋት አንድ ዓረፍተ ነገር

በዚያው ቀን ያሸነፈችው ሪዮ ዴ ጄኔይሮ ነበረች፤ በመጨረሻው ዙር ማድሪድን 66 ለ32 ረታች። ከገለጻዋ ብዙዎች የሚያስታውሱት አንድ ካርታ ነው፦ ኦሊምፒክ የተካሄደባቸው ቦታዎች ምልክት ተደርጎባቸው፣ ደቡብ አሜሪካ ባዶዋን ቀርታ። ስለ ስታዲየሙና ስለ መንገዱ የተባለው ሁሉ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ያርፍ ነበር። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 ሲንጋፖር ላይ ለንደን ፓሪስን 54 ለ50 ስታሸንፍ፣ ልዑካኗ ከምሥራቅ ለንደን 30 ታዳጊዎችን ይዘው ሄደው ነበር። ውድድሩ ለማን እንደሚጠቅም ከቃል በላይ እዚያው ተቀምጦ ይታይ ነበር።

የእርስዎ ቡድን ኦሊምፒክ አያዘጋጅም፤ የእሱም አንድ ካርታ ግን መኖር አለበት። ቡድኑን ሰብስበው «ከኛ በኋላ የሚገባው ቡድን ገለጻውን ሲጨርስ ከኛ የቀረው አንድ ነገር ምን እንዲሆን ትፈልጋላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ መልሶች «ጥራት»፣ «ልምድ»፣ «ቁርጠኝነት» ይሆናሉ። በዓረፍተ ነገሩ ላይ የራሳቸውን ድርጅት ስም አውጥተው የተፎካካሪውን ያስገቡበት። አሁንም እውነት ከሆነ የማንም ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይጣል። የሆስፒታሉ ቡድን ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ የደረሰባት ዓረፍተ ነገር «አንድም ቀዶ ጥገና ሳይሰረዝ እንጨርሳለን» የምትል ነበረች። እሷን ከተፎካካሪዎቹ ማንም ሊላት አይችልም ነበር፤ የሐሙሱን ስብሰባ ያቀደ ሌላ አልነበረምና።

4. እያንዳንዱን ተናጋሪ ለብቻው ያግኙ

የቡድን ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አንድ ሰዓት ይውሰዱ። ሰው አለቃው ፊት መሳሳት አይፈልግም፤ ሳይሳሳት ደግሞ አይማርም።

በዚያ ሰዓት ስላይድ አይከፈትም። ስልክዎን መቅጃ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ስለ ሥራው እንዲነግርዎት ይጠይቁ፤ እንደማያውቅ ሰው «እንዴት?»፣ «ለምን?»፣ «ከዚያስ?» ይበሉ። ከዚያ የተቀዳውን አብራችሁ ስሙ። ሕያው የሆነበትን ቦታ ራሱ ያውቀዋል። ከዚያች ቦታ ነው የገለጻው ጽሑፍ የሚጀምረው፤ ከፕሮፖዛሉ ገልብጣችሁ አትጀምሩ።

የባለሙያዎች ንግግር ለሰሚው ለምን እንደማይገባ ለማስረዳት አንድ ሙከራ እጠቀማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል ተመራማሪ ሰዎች የታወቁ ዘፈኖችን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣት እየመቱ ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፉ አደረገች። የሚመቱት ግማሹ ይታወቃል ብለው ገመቱ። ከ120 ዘፈን የታወቁት 3 ብቻ ነበሩ። የሚመታው ሰው ዜማው ጭንቅላቱ ውስጥ ይሰማዋል፤ ሰሚው የሚሰማው ኳ ኳ ብቻ ነው። ይህንን ልምምድ ላይ ራሳቸው ያድርጉት። አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ «ይሄማ ግልጽ ነው» የሚል መሐንዲስ ቁጥሩ ይቀንሳል።

5. የቢሮውን አማርኛ ከአፋቸው ማውጣት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከሥልጠናው ጊዜ ትልቁ ድርሻ የሚያልቀው በዚሁ ነውና።

በጨዋታ ጥርት ያለ አማርኛ የሚናገር ሰው ማይክሮፎን ሲይዝ «ከማድረግ አንጻር»፣ «የሚሆንበት ሁኔታ»፣ «እየሠራን እንገኛለን» ውስጥ ይገባል። አነጋገሩ ያስከብረኛል ብሎ ነው። የሚያደርገው ግን ሠሪውን መደበቅ ነው። ከአንዲት የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ጋር ያደረግነው እርማት ይኸው።

መጀመሪያ ያለችው፦ «የጥራት ቁጥጥር ሥራውን ከማከናወን አንጻር አስፈላጊው ክትትል የሚደረግበት ሁኔታ ይመቻቻል።»

«ማን ነው የሚከታተለው?» አልኳት።
«እኔ ነኛ!»
«መቼ?»
«ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት።»
«ምኑን ነው የምታዪው?»
«ፌሮውን። አስተሳሰሩን፣ ርቀቱን።»
«ልክ ካልሆነስ?»
«አስቆመዋለሁ።»
«ማስቆም ትችያለሽ?»
«ደብዳቤ አለኝ እኮ።»

በመጨረሻ ያለችው፦ «ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ፌሮውን እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ። ልክ ካልሆነ ሥራው ይቆማል። የማስቆም ሥልጣን በደብዳቤ ተሰጥቶኛል።» ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች የራሷ ናቸው። እኔ የጨመርኩት ነገር የለም፤ አምስት ጊዜ መጠየቅ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከቋንቋው አወቃቀር ይመጣል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ማን እንደሚያደርግ፣ ያድርግ አያድርግ፣ ያለቀ ይሁን የታሰበ፣ ሁሉም የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። የብዙ ተናጋሪ ትንፋሽ የሚያልቀውም እዚያው ነው። «የምሥራቁን ክንፍ በሦስት ወር ውስጥ…» ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ድምፁ ይሰጥማል። «እናስረክባለን» አለ ወይስ «እንጀምራለን»? ገምጋሚው የጻፈው የትኛውን ነው?

ልምምዱ ቀላል ነው። በጽሑፉ ላይ ግሶቹን ሁሉ ያስምሩ። ዓረፍተ ነገሩ በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ለሁለት ይቆረጥ። ከዚያ ተናጋሪው ግሷን ብቻ ከክፍሉ ጥግ ለተቀመጠ ሰው እንደሚያቀብል አድርጎ ይናገራት። መጀመሪያ ላይ የተጋነነ ይመስለዋል፤ ቅጂውን ሲሰማ ልኩ እንደዚያ መሆኑን ያያል።

«እንግዲህ»፣ «ማለት ነው»፣ «ምን ልበል» ለሚያበዛ ሰው «ተዋቸው» ማለት ዋጋ የለውም፤ ይባስ ያስጨንቀዋል። ቅጂውን ሰጥተው ራሱ ይቁጠራቸው። ቀጥሎ በየቦታቸው ዝም እንዲል ያለማምዱት። የአንድ ሰከንድ ዝምታ ለተናጋሪው ዘላለም ነው፤ ለሰሚው ነጠላ ሰረዝ ናት።

የሙያ ቃላትን በተመለከተ መመዘኛው የገምጋሚዎቹ ስብጥር ነው። ሁሉም መሐንዲሶች ከሆኑ «ሞቢላይዜሽን» ይባል። አንድ የፋይናንስ ሰው ካለበት «ሠራተኛና ማሽን ወደ ቦታው ማስገባት» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ቁጥር ሲጠራ ደግሞ በፕሮፖዛሉ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ማጠጋጋት ካስፈለገ «ወደ 15 ሺህ» ይበል እንጂ ሌላ ቁጥር አይፍጠር፤ ፕሮፖዛሉ የገምጋሚው ጭን ላይ ተከፍቶ ነው ያለው።

6. የልምምዱ ቅደም ተከተል

በቃል ማጥናትን አልመክርም። በቃሉ ያጠና ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋበት ሁሉም ይጠፋበታል። በቃል የሚያዙት ሦስት ቦታዎች ብቻ ናቸው፦ የመክፈቻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣ የመዝጊያው አንድ፣ እና ለቀጣዩ ተናጋሪ የሚያስተላልፍበት። የቀረው በአንድ ትንሽ ካርድ ላይ በአምስት ቃላት ይያዛል።

የመጀመሪያው የቡድን ልምምድ ተቀምጦ፣ ያለ ስላይድ ይሁን። ስላይድ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ የትኛው ምስል እንደሚያስፈልግ ንግግሩ ራሱ ስለሚናገር። ሁለተኛው ቆሞ፣ በሰዓት ተይዞ። 20 ደቂቃ ከተሰጠ 18 ላይ ማለቅ አለበት፤ በዕለቱ ሁልጊዜ የሚባክን ደቂቃ አለ። ሦስተኛው ፕሮፖዛሉን ጨርሶ ባላዩ ሰዎች ፊት ይሁን። ከሌላ ክፍል ሦስት ሰዎች ጠርተው ትክክለኛውን የነጥብ መስጫ ቅጽ ይስጧቸውና ይመዝኑ። ቡድኑ ለሁለት ሳምንት ሲያመልካት የነበረችው ስላይድ ዜሮ ስታገኝ ማየት ብዙ ምክር ይቆጥባል። ከዚያ የ10 ደቂቃውን አጭር ቅጂ አንድ ጊዜ ይለማመዱ። ከእርስዎ በፊት የነበረው ተጫራች ሰዓት ሲያልፍ የእናንተ ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት የሚዘለለው የትኛው እንደሆነ ቆሞ መመካከር አይቻልም።

አስተያየት የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን፤ እሱም እርስዎ። ሌሎቹ በወረቀት ጽፈው ይስጡዎት። ለአንድ ተናጋሪ በአንድ ዙር ከሁለት ነገር በላይ አይንገሩት። ስምንት እርማት የተነገረው ሰው በሚቀጥለው ዙር የሚያስበው ስለ እጁ፣ ስለ ዓይኑና ስለ እግሩ ነው፤ ሥራውን ይረሳዋል። እንዲሁም ገለጻው 24 ሰዓት ሲቀረው ምንም አይቀየር፤ አለቃው ሌሊት «አንዲት ስላይድ ብቻ» ቢሉም።

በዚህ አጋጣሚ፣ «ከመልእክቱ 7 በመቶው ቃል፣ 38 በመቶው ድምፅ፣ 55 በመቶው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው» የሚባለውን ለቡድንዎ አያስተምሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 የወጡትን ሙከራዎች ያደረገው ስሜትንና አመለካከትን በሚመለከት፣ ቃልና ድምፅ ወይም ቃልና ፊት ሲጋጩ ሰው የትኛውን እንደሚያምን ለማየት ነው። ስለ ቴክኒክ ገለጻ የሚናገር አይደለም። ከአቋቋም በኩል እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወደ ስክሪኑ ዞሮ አለማንበብ፣ እና አንድ ሐሳብ እስኪያልቅ አንድን ሰው ማየት።

7. ጥያቄና መልሱ፦ ጨረታው የሚሸነፍበት ቦታ

ገለጻው ተጠንቶበታል፤ ገምጋሚዎቹም ያውቁታል። ሰውየውን የሚያገኙት ጥያቄ ሲጠይቁት ነው። ስለዚህ ከልምምዱ ጊዜ ግማሹን እዚህ ያውሉት። ብዙ ቡድኖች ይህንን ለመጨረሻዋ ምሽት ያስቀሩታል፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም ደክሟል።

ቡድኑ ቢያንስ 40 ጥያቄዎች ይጻፍ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው «ይህቺን ባይጠይቁኝ» የሚላትን አንዲት ጥያቄ ስም ሳይጽፍ ወረቀት ላይ አድርጎ ይስጥዎት። በጣም የምትጠቅመው ዝርዝር እሷ ናት። ለእያንዳንዷ መላሽ ይመደብላት፤ ጥያቄ የሚያከፋፍልም አንድ ሰው ይኑር። እሱ የማንን ስም ከጠራ ሌላው አይጨምርም። አንዱ መልሶ ሲጨርስ ሁለተኛው «ለማጠናከር ያህል» ብሎ ከተነሣ፣ ገምጋሚው የሚሰማው የመጀመሪያው መልስ እንዳልበቃ ነው። ሦስተኛው ከተነሣ ደግሞ መቃረን ይጀምራሉ።

የመልሱ ቅርጽ፦ መጀመሪያ መልሱ፣ ቀጥሎ ምክንያቱ፣ ከዚያ ማስረጃው፣ ከዚያ ዝም። «አዎ» ወይም «አይ» የሚባል ከሆነ የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ትሁን። ዝም ማለቱ ከሁሉም ይከብዳል። ገምጋሚው መልሱን እየጻፈ ስለሆነ ቀና አይልም፤ ተናጋሪው ግን አልረካም ብሎ መጨመር ይጀምራል፤ የጨመራት ነገርም አዲስ ጥያቄ ትወልዳለች። በልምምድ ላይ ሆን ብለው መልሱ ካለቀ በኋላ ለአምስት ሰከንድ አንገትዎን ደፍተው ይጻፉ። ማን እንደሚያወራ ያያሉ።

ከከባዶቹ አንዷን ላሳይ። ጥያቄው፦ «ባለፈው ሥራችሁ ዘግይታችኋል። እዚህ እንደማትዘገዩ ምን ማረጋገጫ አለን?» በልምምድ ላይ የመጣው የመጀመሪያ መልስ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ዝናብ እና ስለ አሠሪው መሥሪያ ቤት የሚናገር የሦስት ደቂቃ ክስ ነበር። ገምጋሚዎቹም አሠሪዎች መሆናቸውን ረስቶታል። አምስት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ እንዲህ ሆነ፦

«አዎ፣ 4 ወር ዘግይተናል። ከዚያ ውስጥ 2ቱ ወር የኛ ጥፋት ነው፤ ሊፍቱን ዘግይተን አዘዝን። እዚህ የሊፍቱ ትእዛዝ የሚሄደው ውል በተፈረመ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ በሥራ ፕሮግራሙ ላይ የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው።»

ከ20 ሰከንድ አይበልጥም። ጥፋቱን ሲያምን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ይበልጥ አመንነው።

ለማያውቁት ጥያቄ አንድ መልስ ይዘጋጅ፦ «ይህንን በእርግጠኝነት ለመመለስ ማየት ያለብኝ ስሌት አለ፤ ከፈቀዳችሁ በጽሑፍ እናሳውቃለን።» በአንድ ገለጻ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተባለ ግን ዝግጅት እንዳልነበረ ይናገራል። ጥያቄው ካልገባ ደግሞ ይጠየቅ። ያልተጠየቀውን አሳምሮ መመለስ ነጥብ የለውም።

8. ፍርሃቱን አይካዱበት

«አትፍራ» ስለተባለ ፍርሃቱ የለቀቀው ሰው አለ? ይበልጥ ይፈራል እንጂ። የሃርቫርዷ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግር በፊት ለራሳቸው «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ ተናግረዋል። የልብ ምቱ ያው ነው፤ የተሰጠው ስም ነው የተለየው። ተመራማሪዎቹ ሳቪትስኪና ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳዩት ደግሞ ተናጋሪ ጭንቀቱ ከሚታየው በላይ ይታይብኛል ብሎ እንደሚያስብ፣ ይህንን አስቀድሞ የተነገረውም ሰው የተሻለ እንደሚናገር ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን ያሳዩት። «እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» ይላል፤ በቪዲዮው ላይ የለም።

9. የዕለቱ ነገር

ፋይሉ በሁለት ፍላሽ፣ በኢሜይል እና በወረቀት ይያዝ። ፕሮጀክተሩ እንቢ ካለ እስኪስተካከል አይጠበቅም፤ የመጀመሪያው ተናጋሪ ወረቀቱን አድሎ ይጀምራል፤ ይህም አንድ ጊዜ ይለመድ። ከመግባታቸው በፊት ባሉት አሥር ደቂቃዎች ምንም አዲስ ምክር አይስጡ። እኔ የማደርገው እያንዳንዱን የመክፈቻ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ እንዲላት መጠየቅ ብቻ ነው። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

ሲወጡ እንኳን ደስ አላችሁ ከመባባል በፊት፣ መኪና ውስጥም ቢሆን፣ የተጠየቁትን ጥያቄዎች በሙሉ ከነቃላቸው ይጻፉ። ማን እንደጠየቀ፣ ማን እንደመለሰ፣ የትኛው መልስ ላይ እንደተጻፈና የትኛው ላይ እንዳልተጻፈ ይያዝ። በማግሥቱ ግማሹ ይረሳል። ውጤቱ ሲነገር ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ በየመስፈርቱ ያገኙትን ነጥብ በደብዳቤ ይጠይቁ። ያሸነፈ ቡድን ይህንን አይጠይቅም፤ ለምን እንዳሸነፈ ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ጨረታ ይሄዳል።

ኮሪደር ላይ ያወራኝ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ በዕለቱ የተጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሐሙስ በዓል ቢሆንስ?» የሚል ነበር። ካርዱን ሳያይ፣ በእጁ አየር ላይ ሕንጻውን እየሣለ መለሰ።